«አጥፋ» የሚለው ግሥ በታካሚ አልጋ አጠገብ፦ የማዕከላዊ ሕሙማን መከታተያ መሣሪያ ስያሜዎችና የአጠቃቀም ደኅንነት

በትልልቅ ሆስፒታሎች በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኙ ታካሚዎች የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ የትንፋሽ ብዛትና በደም ውስጥ ያለው የኦክስጅን ሙሌት በየአልጋው አጠገብ በተተከለ መሣሪያ ይለካል። ከየአልጋው የሚገኘው መረጃ በገመድ ወይም በሬዲዮ ሞገድ አማካይነት ተላልፎ ነርሶች በሚቀመጡበት ስፍራ ባለ አንድ ሰፊ ስክሪን ላይ ሲሰበሰብ፣ አንዲት ተረኛ ነርስ ብዙ ሕሙማንን በአንድ ጊዜ ለመመልከት ትችላለች። ሐኪሙ ሂዩዝ ዴይ እ.ኤ.አ. በ1962 በካንሳስ ሲቲ በቤተኒ ሆስፒታል የከፈቱት የልብ ሕሙማን ክፍል የዚህ አሠራር ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ ነው። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው በእጅጉ ረቅቋል፤ መሠረታዊ ሐሳቡ ግን አልተለወጠም። ሰው ዘወትር ሊያይ የማይችለውን መሣሪያው ያያል፤ አደገኛ ለውጥ ሲደርስም ሰውን ይጠራል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የመሣሪያውን ምሕንድስና መተንተን አይደለም፤ መሣሪያው በሚጠራበትና ሰው በሚመልስበት ቃል ላይ ለማተኮር ነው። በአገራችን የሕክምና ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ መሣሪያዎቹም የሚመጡት ከእንግሊዝኛ መመሪያቸው ጋር ስለሆነ የአማርኛ ስያሜ ለምን ያስፈልጋል የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን መመሪያው በእንግሊዝኛ ቢጻፍም ትእዛዙ በአማርኛ ይነገራል። ተረኛ ለተረኛ ሥራ ሲያስረክብ፣ የመሣሪያ ጥገና ባለሙያው ስለ ብልሽቱ ሲጠይቅ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ሶኬት እንዳትነቅል ስትነገር፣ ከሁሉም በላይ ሌሊቱን በአልጋው ራስጌ ተቀምጦ የሚያነጋው አስታማሚ ስለሚጮኸው ነገር ሲጠይቅ የሚሰማው ቃል አማርኛ ነው። በውጭ አገር ሆስፒታሎች ለአማርኛ ተናጋሪ ታካሚዎች የሚያስተረጉሙ ወገኖቻችንም ይኸው ችግር በየዕለቱ ይገጥማቸዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው «አጠፋ» የሚለው ግሥ ነው። መሣሪያው ሲጮኽ በአማርኛ በተፈጥሮ የሚነገረው «አጥፊው» ወይም «አጥፋው» ነው። ግሡ በቋንቋችን ሰፊ ግዛት አለው፤ መብራት ይጠፋል፣ እሳት ይጠፋል፣ ገንዘብ ይጠፋል፣ ሰው ይጠፋል፣ አገርም ይጠፋል። ያለ ተሳቢ «አጠፋሁ» ያለ ሰው በደልሁ ማለቱ ነው፤ ተሳቢ ጨምሮ «አጠፋሁት» ቢል ግን ምናልባት መብራቱን ይሆናል። በመኖሪያ ቤት ይህ ስፋት ጉዳት የለውም፤ ምክንያቱም መብራት ከጠፋ ጨለማው ራሱ ይናገራል። የመከታተያ መሣሪያ ማንቂያ ሲጠፋ ግን የሚተርፈው ዝምታ ነው፤ ዝምታ ደግሞ ሁሉ ደኅና ሲሆንም ያው ዝምታ ነው። «አጥፊው» የተባለች ነርስ ከአራት ነገሮች አንዱን ልታደርግ ትችላለች። ድምፁን ለሁለት ደቂቃ ታቆመዋለች፤ ወይም ድምፁን ተመልሶ እስኪከፈት ድረስ ትዘጋዋለች፤ ወይም ድምፁንም ብርሃኑንም ለተወሰነ ጊዜ ታግዳለች፤ ወይም መሣሪያው ያንን አደጋ ከነጭራሹ እንዳያስታውቅ ታደርጋለች። አራቱም በአማርኛ «ማጥፋት» ናቸው፤ ለታካሚው ግን በአንደኛውና በአራተኛው መካከል ያለው ርቀት የሕይወትና የሞት ሊሆን ይችላል።

ይህ በሐሳብ ብቻ የተፈጠረ ሥጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2010 በቦስተን ከተማ በአንድ ታዋቂ ሆስፒታል የ89 ዓመት አዛውንት የልባቸው ምት እየቀነሰ ሄዶ ሲሞቱ፣ በአልጋቸው አጠገብ የነበረው መሣሪያ የከፍተኛ አደጋ ማንቂያው ተዘግቶ እንደ ነበረ በኋላ በተደረገው ምርመራ ታውቋል። በአሜሪካ ሆስፒታሎችን የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2013 ባወጣው ማሳሰቢያ፣ ከጥር 2009 እስከ ሰኔ 2012 ከማንቂያ ጋር የተያያዙ 98 አደጋዎች እንደ ደረሱትና ከእነዚህም 80ዎቹ በሞት እንደ ተፈጸሙ ገልጿል። እነዚህ ሰዎች የሞቱት በቋንቋ ጕድለት ነው ለማለት አንደፍርም። ነገር ግን ባለሙያዎቹና መመሪያው በአንድ ቋንቋ በሚናገሩበት አገር እንኳ መሣሪያው ያለበትን ሁኔታ በትክክል ማወቅ ይህን ያህል ካስቸገረ፣ አራቱን ሁኔታዎች በአንድ ግሥ ጠቅልሎ በሚጠራ ቋንቋ ለሚሠራ ሰው ችግሩ እንደሚበረታ መገመት አያዳግትም።

በዚህ ረገድ ለስያሜ ሥራችን ጥሩ መነሻ የሚሆነን ሥዕል ነው። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2003 ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳተመውና በ2006 ያሻሻለው ቍጥሩ 60601-1-8 የሆነ ደረጃ፣ የሕክምና መሣሪያዎች ማንቂያ እንዴት መሠራት እንዳለበት ይደነግጋል። በዚህ ደረጃ መሠረት ድምፅን ብቻ የሚመለከተው ምልክት ደወል ነው፤ ማንቂያውን በጠቅላላ የሚመለከተው ሦስት ማዕዘን ነው። በምልክቱ ላይ የተሣለው መስቀለኛ ጭረት የተቈራረጠ ከሆነ ሁኔታው ጊዜያዊ ነው፤ ጭረቱ ያልተቈራረጠ ከሆነ ተጠቃሚው እስኪመልሰው ድረስ የሚቆይ ነው። ሁለት ጥያቄዎች ብቻ አሉ ማለት ነው፦ ምን ቆመ? እስከ መቼ? ስያሜዎቻችንም ከእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ለሁለቱም መልስ መስጠት አለባቸው። አንዱን ብቻ የሚመልስ ስያሜ ምንም ያህል ቢያምር ለዚህ ሥራ አይበቃም።

ለመጀመሪያው ጥያቄ «ድምፅ» እና «ማንቂያ» የሚሉት ስሞች ይበቃሉ፤ ተለይተው እስከ ተነገሩ ድረስ። ለሁለተኛው ጥያቄ ከፍርድ ቤት አማርኛ መዋስ ይቻላል ብለን እናምናለን። ፍርድ ቤት እግድ ሲሰጥ ጉዳዩ ለጊዜው ባለበት ይቆማል እንጂ አላለቀም፤ መዝገቡን ሲዘጋ ግን ሌላ ሰው ተነሥቶ ካላስከፈተው በቀር አብቅቷል። ይህን ልዩነት ማንም አማርኛ ተናጋሪ ያውቀዋል። ስለዚህ ደወሉ በተቈራረጠ ጭረት ሲታይ «ድምፅ ለጊዜው ታግዷል»፣ ጭረቱ ሳይቈራረጥ ሲታይ «ድምፅ ተዘግቷል»፤ ሦስት ማዕዘኑ በተቈራረጠ ጭረት ሲታይ «ማንቂያ ለጊዜው ታግዷል»፣ ጭረቱ ሳይቈራረጥ ሲታይ «ማንቂያ ተዘግቷል» ይባል ዘንድ ሐሳብ እናቀርባለን። «ዘጋ» ለመሣሪያ እንግዳ ግሥ አይደለም፤ ሬዲዮና ስልክ ከዘጋን ቆይተናል። «ለጊዜው» የሚለው ቃል ከ«ታግዷል» ጋር ድግግሞሽ ነው የሚል ካለ ድግግሞሹ የተፈቀደ ነው፤ በታካሚ ራስጌ የቃል ቍጠባ ትርፍ አያመጣም።

አንዳንድ ተርጓሚዎች «ጸጥ ማድረግ» ወይም «ዝም ማሰኘት» የሚሉትን ይመርጣሉ። ሁለቱም ድምፅን ብቻ ስለሚመለከቱ ከ«ማጥፋት» ይሻላሉ፤ ነገር ግን የጊዜውን ጥያቄ አይመልሱም። በተጨማሪም «ጸጥ አደረገው» በዕለት ተዕለት ንግግር ገደለው ማለት መሆኑን የዘነጋ ተርጓሚ ቃሉን በአስታማሚ ፊት ቢናገር የሚደርስበትን ቍጣ ራሱ ይወጣው። «ድምፅ የለም» የሚለውም አጭር ቢሆንም ድምፁ ተዘግቷል ወይስ አሁን የሚያስጮኽ ነገር የለም የሚለውን አይለይም።

«ማንቂያ» የሚለውን ስም ራሱን ከ«ማስጠንቀቂያ» መለየትም ያስፈልጋል። በመመሪያ መጽሐፍ ውስጥ በሳጥን ተከብበው የሚጻፉት የአደጋ ማሳሰቢያዎች «ማስጠንቀቂያ» ሲባሉ ቆይተዋል፤ ትክክልም ነው። መሣሪያው የሚያሰማው ግን የሚያስጠነቅቅ ሳይሆን የሚያነቃ ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል የተረጐመ ሰው «ማስጠንቀቂያውን ሳያነቡ አይዝጉ» የሚል ዐረፍተ ነገር ጽፎ ይገኛል፤ አንባቢውም የትኛውን እንደሚያነብና የትኛውን እንደሚዘጋ ግራ ይገባዋል።

ከማንቂያው ወደ መሣሪያው ስም ስንመለስ «ክትትል» እና «ቍጥጥር» የሚሉት ቃላት ይገጥሙናል። በብዙ ትርጕሞች ሁለቱ እንደ አቻ ሲሠራባቸው ይታያል። ልዩነታቸው ግን መሠረታዊ ነው። የሚቈጣጠር ሥልጣን አለው፤ ያዛል፣ ያስተካክላል፣ ይገታል። የሚከታተል ግን ያያል፣ ይመዘግባል፣ ያስታውቃል። ማዕከላዊው መሣሪያ የደም ግፊትን አይቈጣጠርም፤ ሲወርድ ያሳያል እንጂ ከፍ አያደርገውም። «መቈጣጠሪያ» ብለን ስንሰይመው ለመሣሪያው የሌለውን ኀይል እንሰጠዋለን፤ ይህም ሰው ከአልጋው እንዲርቅ ሰበብ ይሆናል። ማዕከላዊው ስክሪን ታካሚውን በቅርብ መጐብኘትን ሊተካ አይችልም፤ የመጀመሪያው የደኅንነት መርሕም ይኸው ነው። «መከታተያ» የሚለው ስያሜ ይህን መርሕ በውስጡ ይዟል። በየአልጋው ያለውን «የአልጋ መከታተያ»፣ የሚሰበስበውን «ማዕከላዊ መከታተያ» ማለት በቂ ነው። «ማዕከላዊ ጣቢያ» የሚለው ቀጥተኛ ትርጕም ከጤና ጣቢያም ከፖሊስ ጣቢያም ጋር ስለሚዛመድ ባይለመድ እንመርጣለን። ነርሶች በንግግራቸው «ሞኒተር» ማለታቸውን እናውቃለን፤ ውሰት ቃሉ ሥር ሰድዷል፤ ማንንም አያሳስትም፤ ስለዚህ የሚነቀልበት ምክንያት አይታየንም። የስያሜ ባለሙያ ጕልበቱን ማዋል ያለበት ባዕድ ቃል በሚያሳስትበት ቦታ ሳይሆን፣ ብዙ ጊዜ እንደምናየው፣ የገዛ ቃላችን በሚያሳስትበት ቦታ ነው።

ለዚህ ከሁሉ የበለጠ ምሳሌ የሚሆነን «ተጠባባቂ» ነው። ታካሚው ለራጅ ወይም ለቀዶ ሕክምና ከክፍሉ ሲወጣ፣ ባዶው አልጋ ያለ ምክንያት እንዳይጮኽ መሣሪያው ክትትሉን አቋርጦ በርቶ ብቻ የሚቆይበት ሁኔታ አለ። ይህን ሁኔታ ተርጓሚዎች «ተጠባባቂ» ወይም «በተጠባባቂነት ላይ» ይሉታል። እንግሊዝኛው ቃል ይህን ትርጕም ይጋብዛል፤ በአማርኛ ግን ውጤቱ ተቃራኒ ነው። «ጠበቀ» የሚለው ግሥ በአንድ በኩል ቆየ፣ በሌላ በኩል ከአደጋ ጋረደ ማለት ነው፤ ዘበኛም ይጠብቃል፣ እንግዳ የሚመጣለትም ይጠብቃል። ስለዚህ «አልጋ ቍጥር 4፦ ተጠባባቂ» የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው መሣሪያው ነቅቶ ታካሚውን የሚጠብቅ ይመስለዋል። እውነቱ ግን በዚያ ሰዓት ታካሚው ወደ አልጋው ተመልሶ ልቡ ቢቆም እንኳ በብዙ መሣሪያዎች ማንቂያ አይሰማም። እዚህ ላይ ያማረ ቃል ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም፤ «ክትትል ተቋርጧል» የሚለው ያልተሽሞነሞነ ሐረግ ይበቃል። ያስደነግጣል የሚል ቢኖር፣ ማስደንገጡ ተገቢ ነው።

ታካሚ ሲገባና ሲወጣ የሚፈጸመውም እንዲሁ ነው። አንድ ሰው ከአልጋው ሲነሣ ስሙ፣ ዕድሜውና ለእርሱ የተመረጡት የማንቂያ ገደቦች ከማዕከላዊው መከታተያ መሰረዝ አለባቸው፤ ይህ ካልተደረገ የሚቀጥለው ታካሚ በሌላ ሰው ስምና በሌላ ሰው ገደብ ይከታተላል። ለጐልማሳ ደኅና የሆነ የልብ ምት ለሕፃን አደገኛ ሊሆን እንደሚችል ለማንም ግልጽ ነው። መሣሪያው ይህን ሥራ የሚጠራበት ቃል በእንግሊዝኛ ታካሚን ከሆስፒታል ለማሰናበት ከሚውለው ቃል ጋር አንድ ስለሆነ «ማሰናበት» ተብሎ ተተርጕሟል። ውጤቱም ታካሚው ወደ ሌላ ክፍል እንጂ ወደ ቤቱ ባለመሄዱ «ገና አልተሰናበተም» ተብሎ መረጃው ሳይሰረዝ መቅረቱ ነው። «መዝገብ መክፈት» እና «መዝገብ መዝጋት» ብንል መሣሪያው የሚጠይቀው ስለ ሰውዬው ሳይሆን ስለ መዝገቡ መሆኑ ይታወቃል፤ «ዘጋ»ም ከላይ የሰጠነውን ትርጕም ይዞ ይቆያል።

ስለ ገደብ ካነሣን «ከፍተኛ» እና «ዝቅተኛ» የሚሉት ቅጽሎች ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንዳይሸከሙ መጠንቀቅ ይገባል። «ከፍተኛ የልብ ምት ማንቂያ» ምቱ ከፍ ማለቱን ይገልጻል ወይስ ማንቂያው አስቸኳይ መሆኑን? የልብ ምት እጅግ ሲወርድ የሚሰማው «ዝቅተኛ» ማንቂያ በአጣዳፊነቱ ከሁሉ የበላይ ሊሆን ይችላል። ለልኬት «ላይኛው ገደብ» እና «ታችኛው ገደብ» ቢባል፣ ለአጣዳፊነት ደግሞ የቁመት ቃል ከነጭራሹ ቢቀር ይሻላል። ዓለም አቀፉ ደረጃ ሦስቱን እርከኖች የሚተረጕመው በሚያስፈልገው ምላሽ ነው፤ የመጀመሪያው ወዲያውኑ መድረስን፣ ሁለተኛው ፈጥኖ መድረስን፣ ሦስተኛው ማወቅን ይጠይቃል። ብርሃናቸውም እንደ ቅደም ተከተሉ ቶሎ ቶሎ የሚብለጨለጭ ቀይ፣ ዝግ ብሎ የሚብለጨለጭ ቢጫ፣ ሳይብለጨለጭ የሚበራ ውሃ ሰማያዊ ወይም ቢጫ ነው። «እጅግ አጣዳፊ»፣ «አጣዳፊ» እና «ማሳሰቢያ» ብንላቸው ቃሉ ራሱ ምን መደረግ እንዳለበት ይናገራል።

«ነባሪ» ስለተባለው ቃልም ጥቂት እንበል። በኮምፒዩተርና በስልክ አማርኛ ፋብሪካው ያስቀመጠውን ምርጫ ለመግለጽ ተለምዷል። በሕክምና መሣሪያ ላይ ግን «ነባሪው ገደብ» ሲባል አንባቢው ቀድሞ ለዚህ ታካሚ የተመረጠውን ሊያስብ ይችላል፤ ነባር ማለት ከፊት የነበረ ነውና። ልዩነቱ የሚገለጠው ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ነው። ደረጃው ከ30 ሴኮንድ ያልበለጠ መቋረጥ የተመረጡትን የማንቂያ ገደቦች እንዳይለውጥ ያዛል፤ ከዚያ በላይ ሲቆይ የሚሆነው እንደ መሣሪያው ዓይነት ይለያያል። መብራት በተመለሰ ጊዜ ተረኛዋ ልታረጋግጠው የሚገባት ጥያቄ «ያለው መነሻ ገደብ ነው ወይስ ለታካሚው የተመረጠው ገደብ?» የሚል ነው። «መነሻ» እና «የተመረጠ» ተቃርኗቸው ግልጽ ነው።

ደግሞ «ቴክኒካዊ ማንቂያ» የሚባል አለ። በደረት ላይ የተለጠፈ ኤሌክትሮድ ሲላቀቅ ወይም ገመድ ሲነቀል መሣሪያው ይህን ያስታውቃል። ስያሜው ጕዳዩ የጥገና ባለሙያ እንጂ የነርስ አይደለም የሚል ስሜት ያሳድራል፤ በብዙ መሣሪያዎችም አጣዳፊነቱ ዝቅ ተደርጎ ይመደባል። በተግባር ግን ትርጕሙ ይህ ሰው በአሁኑ ሰዓት አይታይም ማለት ነው። «የመለኪያ መቋረጥ ማንቂያ» ብንለው ከነርሷም ከጥገና ባለሙያውም የሚፈለገውን ይገልጻል።

ማንቂያ ሲበዛ ሰው መስማቱን ይተዋል። በጆይንት ኮሚሽን ማሳሰቢያ እንደ ተጠቀሰው ከመቶ ማንቂያዎች ከ85 እስከ 99 የሚሆኑት የሕክምና ርምጃ የማይሹ ናቸው። ለዚህ ሁኔታ «የማንቂያ ድካም» የሚል ትርጕም ቀርቦ አይተናል፤ በአማርኛ ዘርፍ አገባብ ግን የደከመው ማንቂያው ይሆናል። «ጆሮ ዳባ ልበስ» የሚለው ፈሊጥ ለዛ ቢኖረውም ሆን ብሎ አለመስማትን ስለሚያመለክት ነርሷን ያለ ጥፋቷ ይከስሳታል። «በማንቂያ መደንዘዝ» ከሁለቱም ይመረጣል፤ መደንዘዝ ሳይፈልጉት ቀስ በቀስ የሚመጣ ነውና።

ስለ ዐረፍተ ነገር አሠራርም የሚባል አለ። አማርኛ ግሡን በመጨረሻ ያስቀምጣል፤ ክልከላውም ከግሡ ጋር መጨረሻ ይመጣል። «ታካሚው አጠገብ ባለሙያ ሳይኖርና የማንቂያው ምክንያት ተለይቶ ሳይታወቅ የማንቂያውን ድምፅ ከማዕከላዊው መከታተያ አይዝጉ» የሚል ማስጠንቀቂያ ሰዋስዋዊ ስሕተት የለበትም፤ ቸኵሎ የሚያነብ ሰው ግን «አይ» የምትለዋ ፊደል ከመድረሷ በፊት ቍልፉን ተጭኗል። «የማንቂያውን ድምፅ ከዚህ አይዝጉ። መጀመሪያ ወደ ታካሚው ይሂዱ።» ብሎ ከፍሎ መጻፍ ይሻላል። እንደዚሁም በመመሪያዎቻችን የተለመደው «ይረጋገጥ»፣ «ይታይ»፣ «ይደረግ» የሚለው አድራጊ የሌለው ትእዛዝ በዚህ ቦታ ጐጂ ነው። «ገደቡ በየፈረቃው ይረጋገጥ» ሲባል የምታስረክበዋ ትረከባለች ብላ፣ የምትረከበዋ አስረክባለች ብላ ይቀራል። «የምትረከበው ተረኛ ገደቡን ታረጋግጥ» መባል አለበት።

በእርግጠኝነት ያልቈረጥንበት አንድ ስያሜ ይቀራል። ነርሷ ማንቂያውን ሰምታ፣ ምክንያቱን ዐውቃ፣ መሣሪያው መጮኹን እንዲተው የምትጫነው ቍልፍ አለ። ተርጓሚዎች ይህን «ዕውቅና መስጠት» ብለውታል፤ ዕውቅና ግን የሚሰጠው ለአርበኛ፣ ለደራሲ ወይም ለአዲስ መንግሥት ነው እንጂ ለወረደ የደም ግፊት አይደለም። «ሰምቻለሁ» የሚለው ቀላል ነው፤ ሆኖም መስማትና ማየት በዚህ ሥራ አንድ አይደሉም፤ በማዕከላዊው ስክሪን ፊት ተቀምጣ «ሰምቻለሁ» ያለች ነርስ ታካሚውን ገና አላየችም። በቋንቋችን ለተጠራ ሰው የሚስማማው መልስ «አቤት» ነው፤ ጥሪው ደርሶኛል ማለት እንጂ የተፈለገው ተፈጽሟል ማለት ስላልሆነ ለጽንሰ ሐሳቡ እጅግ ይቀርባል፤ ነገር ግን በመሣሪያ ቍልፍ ላይ ሲጻፍ ፈገግታ ያስከትል ይሆናል። «ጥሪው ደርሷል» የሚለውን ለጊዜው በዕጩነት አስቀምጠን፣ ከመጽደቁ በፊት በሌሊት ተረኛነት ለሚሠሩ ነርሶች ቀርቦ እንዲፈተን ሐሳብ እናቀርባለን።